የጋሽ ሳህሌ ሦስት ደቂቃ

እስቲ ጠጋ በሉና አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ሰልፍ ላይ ሰው ሲጋፋ አይታችኋል፤ ሲሰዳደብም፣ ቆሞ ሲያንቀላፋም አይታችኋል። ሰልፍ ላይ አንደኛ ሆኖ የሞተ ሰውስ? ጋሽ ሳህሌ እንደዚያ ሞቱ። በገዛ ተጣጣፊ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው። ከኋላቸው ሰላሳ ሰው ነበር፤ አንድም አላወቀ። በሩ ተከፍቶ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እሳቸው አልተንቀሳቀሱም፤ ያኔ ነው የታወቀው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2014፣ ሚያዝያ ላይ ነው። ከአትላንታ ወደ ሰሜን ያለ አንድ ካውንቲ፣ እንደኛ አውራጃ በሉት፣ የሆኪ ቡድን ካልመጣልኝ ብሎ ተነሣ። ሆኪ ማለት በረዶ ላይ የሚጫወቱት ገና ነው። ልብ በሉ፤ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ሁለት ጣት በረዶ ጥሎ ሕዝቡ ሁሉ አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ውስጥ ያደረበት አገር ነው! ቡድኑ እንዲመጣ ስታዲየም ይሠራለት ተባለ። ባለቡድኑ ቢሊየነር ነው፤ ስታዲየሙን የሚሠራለት ግን የቤት ግብር የሚከፍለው ምስኪን ሕዝብ ነው። ሦስት መቶ ሚሊዮን ዶላር። መኪና ማቆሚያው ደግሞ በፕላኑ ላይ አንድ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ላይ ያርፋል።

ምእመኑ ለሁለት ተከፈለ። «ሸጠን ትልቅ እንሥራ» የሚል አለ፤ «የጸለይንበትን አንሸጥም» የሚል አለ። ጋሽ ሳህሌ፣ ኤርፖርት ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ የነዱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ ከአንሸጥም ወገን ነበሩ። ካውንቲው ከመወሰኑ በፊት ሕዝቡ ይናገር አለ። ግን አስራ ሁለት ሰው ብቻ፣ ለያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ፣ ቀድሞ ለመጣ። ጋሽ ሳህሌ ለሰልፍ አዲስ አይደሉም። የካውንቲው አዳራሽ በር ጠዋት ሁለት ሰዓት ለሚከፈት፣ ከንጋቱ አስር ሰዓት ከአርባ ላይ ወንበራቸውን ዘረጉ።

ከእግራቸው ሥር የተገኘው ፔርሙስ ተመረመረ። ሻዩ ውስጥ የልብ መድኃኒት ተፈጭቶ ገብቷል። ሻዩን ያፈላችው ሚስታቸው ሳሮን ናት። በመኪና ያደረሰቻቸው እሷ ናት። የምትሠራው ሆስፒታል ነው፤ ነርስ ናት፤ ያውም የልብ ሕሙማን ክፍል። ከዚህ በላይ ፖሊስ ምን ይፈልጋል?

ሳሮን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክላርክስተን፣ አሰፋሽ ቤት መጣች። አሰፋሽ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት የወንጀል መርማሪ ሆና ሻምበል የተባለች ሴት ናት። ዲቪ ደርሷት መጥታ አሁን አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ታስታምማለች። ሦስት ልጆቿን አሳድጋ ለወግ አድርሳለች። የማርያም ሰው ናት፤ የሳሮን ቤተ ክርስቲያን ረግጣ አታውቅም። ሳሮንም የመጣችው ከመሐላቸው ያልሆነ ሰው ፈልጋ ነው።

«እትዬ አሰፋሽ፣ ሰኞ ይይዙኛል። ጠበቃው ነው የነገረኝ። ከሥራ አግደውኛል፣ የነርስነት ላይሰንሴን ይዘዋል።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ…» ሳሮን የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች። «ትናንት ገበያ ውስጥ አብራኝ ስትዘምር የኖረች ሴት አየችኝና ጋሪዋን አዙራ ሄደች። ሰላም የሚለኝ የለም። የቀበርኩት ባሌን ነው፣ የተቀበርኩት ግን እኔ ነኝ።»

አሰፋሽ አላባበለቻትም። «ሻዩ ምን ነበረው?» አለች።

«ዝንጅብል ብቻ። ስኳር የለው፣ ወተት የለው። ወተት ሆዱን ይነፋዋል። ሰው ከሰጠው ግን ይሉኝታ ይዞት ይጠጣል፤ እምቢ ማለት አያውቅም ነበር።»

«ምን ሊናገሩ ነበር?»

«'ሦስት ደቂቃ ይበዛብኛል፤ እኔ ያለኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው' አለኝ። ምንድን ነው ስለው፣ 'እዚያው ትሰሚዋለሽ' አለ። አንድ ወረቀት አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ሲከት አይቻለሁ። ልብሱን ሲያስረክቡኝ ወረቀቱ የለም።»

«ካደረስሻቸው በኋላስ?»

«በቀጥታ ወደ ሥራ። ሺፍቴ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚጀምረው። የዚያን ቀን ጸሎት እንኳ አልገባሁም።»

አሰፋሽ የምን ጸሎት እንደሆነ ያኔ አልጠየቀችም። የወረቀቱን ነገር ግን በልቧ ያዘች። ሻይ የምትመርዝ ሚስት የባሏን ኪስ ምን አስበረበራት?

በማግስቱ በሰልፉ ሁለተኛ የነበረችውን ሴት ፈልጋ አገኘች። ሚስ ሎሬታ ትባላለች፤ ጡረታ የወጣች ጥቁር አሜሪካዊት አስተማሪ ናት። በረንዳዋ ላይ ተቀመጡ። የአሰፋሽ እንግሊዝኛ እንደነገሩ ነው፤ ሎሬታ ግን አርባ ዓመት ልጅ ያስተማረች ስለሆነች ለመስማት ትዕግሥቱ አላት።

«አስራ አንድ ተኩል ላይ ስደርስ ነቅቶ ነበር» አለች ሎሬታ። «ጆሮው ላይ ስልክ ሰክቷል። ዶናት ይዤ ነበርና አንድ ሰጠሁት። ራሱን ነቀነቀ። ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ዓይኑ ከብዶት ነበር። ከዚያ ባርኔጣውን ደፋ፤ ተኛ ብዬ ተውኩት።»

«ፔርሙሱስ?»

«ክዳኑ እንደተጠመዘዘ ነበር። አስራ ሁለት ተኩል ላይ ጓደኛው መጣ። መልከ መልካም፣ ከረባት ያሰረ። ጎንበስ ብሎ በቋንቋችሁ አናገረው፤ ከፔርሙሱ ቀድቶ አጠጣው።»

«ሲጠጡ አይተሻል?»

ሎሬታ አሰበች። «ጀርባውን ነው ያየሁት። ኩባያውን ሲያቀርብለት አየሁ። ከዚያ ዞር ብሎ 'እንዲተኛ ተዉት' አለኝ።» ከዚያ ጨመረች፦ «አንድ ነገር ግን ይገርመኛል። ለምን ተቃወመ? ቤተ ክርስቲያናችሁ መሬቱን ለመስጠት ተስማምቶ የለም እንዴ?»

«ማን አለ?»

ሎሬታ ገብታ የስልክ ማውጫ የሚያህል ጥራዝ ይዛ ወጣች። ለስብሰባው የቀረበው ሰነድ ነው፤ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል፤ የሚጠይቅ ግን የለም። «እኔ ሁሉንም አንብቤዋለሁ» አለች። «ገጽ መቶ ሰማንያ ሰባት።»

አሰፋሽ መነጽሯን አደረገች። ሰነዱ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢውን ሊሸጥ መዋዋሉን ይናገራል፤ ቀኑ ስታዲየሙ በአደባባይ ከመነገሩ ከሦስት ወር በፊት ነው። ከታች ሁለት ፊርማ አለ። አንዱ የሽማግሌዎች ተወካይ፣ ሳህሌ። አንዱ አሻሻጩ፣ የዚያው ቤተ ክርስቲያን አባል የሆነው የቤት ደላላ ክፍሌ።

«ከረባት ያሰረው ሰው ይሆን?» አለች አሰፋሽ በአማርኛ፣ ለራሷ። ግን የሰው ስም ቶሎ አታነሣም። ሃያ ዓመት ያስተማራት ይህንን ነው።

ከዚያ ማሪዬታ ሄደች፤ ሀብታሙ ምግብ ቤት። ሀብታሙ ስታዲየሙ እንዲመጣ የሚፈልግ ሰው ነው። ከጋሽ ሳህሌ ጋር በሰው ፊት ተጯጩኸው «እርስዎ እስካሉ እኛ አናድግም!» ማለቱን ያልሰማ የለም።

«አዎ ብያለሁ» አለ እጁን በሽርጡ እየጠረገ። «ተናድጄ ነው። ሰው ተናዶ ያለውን ሁሉ ቢያደርገው እኮ ሚስቴ እስካሁን አስር ጊዜ ሞታለች።»

«እኔ ምን አልኩህ?» ብላ ከኩሽና ሚስቱ ጮኸች።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ፤ በስልክ የምንጸልየው ጸሎት ላይ ነበርኩ። ሚዩት ማድረግ፣ ድምፄን መዝጋት ረስቼ ፓስተር በጸሎት መካከል 'ወገኖች፣ ያ የሚከትፈው ማነው?' አሉ። መቶ ሰው ሳቀብኝ።»

አሰፋሽ እሷም ሳቀች። «እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ስትቀምስ ዋልክ?»

«የት ቀምሼ! ከሳቸው ጋር ጾምኩ እንጂ። ተጣልተንም ቢሆን…» አለና አቋረጠው። ፊቱ ተለወጠ። «ተዪው እትዬ።»

«ምኑን?»

«የሞተ ሰው ነውር አይወራም። ፓስተርን ጠይቂ።»

ፓስተር ፊልጶስ ቢሮ ስትደርስ ሃኒም እዚያ ነበረች። ሃኒ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ስልክና ኮምፒውተር የምትይዝ፣ አማርኛዋን በእንግሊዝኛ የምትቀላቅል ልጅ ናት። አሰፋሽ ተቀመጠች። «ፓስተር፣ እኔ ጸሎት የማውቀው ቆሜ ነው። ይህ የስልክ ጸሎታችሁ እንዴት ነው?»

«ሁላችንም ተበታትነን ነው የምንኖረው» አሉ ፓስተሩ። «ስለዚህ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት በአንድ ቁጥር እንደውላለን። አንዱ ይጸልያል፣ ሌላው ድምፁን ዘግቶ ይሰማል። አስራ ሁለት ላይ አሜን ብለን እንዘጋለን።»

«ላይክ፣ አንዳንዱ ደውሎ ይተኛል» አለች ሃኒ። «ሲያንኮራፋ ይሰማል፣ አይ ስዌር።»

«ሃኒ!»

«እውነት እኮ ነው ፓስተር።»

«የዚያን ቀን ጋሽ ሳህሌ ምን አሉ?» ስትል አሰፋሽ፣ ፓስተሩ በሩን ዘጉ።

«አስራ አንድ ከሃያ ላይ ከሰልፉ ሆነው ጸለዩ። ድምፃቸው ይጎተት ነበር፣ ምላሳቸው ይከብድ ነበር። እንባ መስሎን ሁላችንም አለቀስን። ከዚያ ተሳሉ። 'ጌታ ሆይ፣ ስሜ ተጠርቶ እውነቱን ተናግሬ እስክመለስ ውሃም በአፌ አይዞርም' አሉ። ሁላችንም አሜን አልን።»

«ታዲያ ይህ ምን ነውር አለው?»

«ሬሳቸው በተነሣ በሰዓቱ ክፍሌ ደውሎ፣ 'አስራ ሁለት ተኩል ላይ ሻይ ሲጠጡ ነበርኩ' አለኝ። ስእለታቸውን አፍርሰው ሞቱ ማለት ነው። ለጸሎት መስመሩ ሰው ሁሉ፣ 'የሰማችሁትን በሆዳችሁ ያዙ፣ ለሚስታቸውም እንዳታነሡ' ብዬ መልእክት ላክሁ። አንድም ሰው አላነሣም።»

«ፓስተር፣ ሙት ልታከብሩ ብላችሁ በቁም ያለችውን ልታሳስሩ ነበር» አለች አሰፋሽ። ወደ ሃኒ ዞራ «ማን ስንት ሰዓት እንደገባና እንደወጣ ይመዘገባል?» አለች።

«ኦፍ ኮርስ። ልስጥሽ?» ሃኒ ወረቀቱን አተመችላት። አሰፋሽ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ስልኮቹ ሁሉ አስራ አንድ ሰዓት አካባቢ ገብተው አስራ ሁለት ላይ ወጥተዋል፤ የጋሽ ሳህሌ ባትሪው አልቆ በመካከል ተቆርጧል። አንድ ስልክ ብቻ አስር ከአስር ላይ ገብቷል፤ የወጣው አንድ ከአስር ላይ ነው።

«በዚያ ቀን ፊተኛም ኋለኛም አንድ ሰው ነበር» አለች አሰፋሽ። «ይህ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ትጉ ነው?»

«እሱ? ሁሌም እንደዘገየ ነው» አለች ሃኒ።

ቅዳሜ ሮዝዌል ሄደች። የክፍሌ ቤት ሣሩ የተላጨ፣ መኪናው የሚያብረቀርቅ ነው። በሩን የከፈቱላት እናቱ ወይዘሮ አበዛሽ ናቸው፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። አሰፋሽ አሮጊት ማስታመም ሥራዋ ስለሆነ፣ ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ጠረጴዛው ላይ ባለው የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ነው።

«ለልብዎ ነው እማማ?»

«ለልቤ ነው ልጄ። ባለፈው ሙሉው ብልቃጥ ጠፋብኝ። የት እንዳኖርኩት እንጃ። ክፍሌ አዲስ አስመጣልኝ። እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ።»

ክፍሌ ከቢሮው ወጣ። ለእናቱ ትራስ አስተካከለላቸው። ትሑት ሰው ነው፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው የሚናገረው።

«እህት አሰፋሽ፣ ለሳሮን ብለሽ መድከምሽ መልካም ነው። እኔም እጸልይላታለሁ።»

«የዚያን ቀን ጠዋት የት ነበርክ?»

«ጸሎት ላይ። እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ። አስራ ሁለት ሲል አሜን ብዬ ዘግቼ ወደ ጋሽ ሳህሌ ሄድኩ። አንደኛ ተራ ይዘው ሳያቸው ኮራሁ። ደክሟቸው ስለነበር ሻይ ቀዳሁላቸው። ሁለቴ ጎንጨት አሉና 'ምነው መረረኝ' አሉኝ። የገዛ ሚስታቸው ያፈላችው ነው፣ ምን ብዬ ልጠርጥር?»

«ጸሎቱ እንዴት ነበር?»

«መንፈስ የነበረበት!»

«ጋሽ ሳህሌም ጸለዩ አሉ።»

ክፍሌ የእናቱን ትራስ እንደገና አስተካከለ። «አዎ… ልብ የሚነካ ጸሎት ነበር። እሳቸው ሁልጊዜ እንደዚያ ናቸው።»

«ነፍሳቸውን ይማር» ብላ አሰፋሽ ተነሣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ጉዳዩን ለያዘው የፖሊስ መርማሪ ለዲቴክቲቭ ሞሪስ ደወለች። የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በሟቹ ሆድ ውስጥ ምን ተገኘ? ሁለተኛ፣ ከሰልፉ ማዶ ያለውን ነዳጅ ማደያ ካሜራ፣ አስር ተኩል አካባቢ ያለውን ያየ ሰው አለ?

እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ፓስተር ፊልጶስ፣ ሀብታሙ፣ ክፍሌ ከእናቱ ጋር፣ በጸሎት መስመሩ ላይ ከነበሩትም ሃያ የሚያህሉ። ሳሮን ለብቻዋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ በግራም በቀኝም ወንበሩ ባዶ ነው። ሚስ ሎሬታ የእሑድ ባርኔጣዋን አድርጋ መጥታለች። ዲቴክቲቭ ሞሪስ ከኋላ ቆሞ፣ ሃኒ በጆሮው ትተረጉምለታለች።

አሰፋሽ ወረቀትና እርሳስ አደለች። «ሁላችሁም ጋሽ ሳህሌ በመጨረሻው ጸሎታቸው የተሳሉትን ጻፉልኝ። ማንም ከማንም እንዳይነጋገር።»

ጉርምርምታ ሆነ። ፓስተሩ «እንድትጽፉ ፈቅጃለሁ» አሉ። ጻፉ። አሰፋሽ ሰብስባ አንድ በአንድ አነበበች።

«'ተናግሬ እስክመለስ ውሃ አልጠጣም።' የሀብታሙ ነው። 'ስሜ ተጠርቶ እስክመለስ ውሃም በአፌ አይዞርም።' የፓስተር። የሃኒም ይኸው ነው። ይኼም፣ ይኼም…» ሃያው ወረቀት አንድ ዓይነት ነው። የመጨረሻውን ከፍ አድርጋ ያዘች። «'ስለ ቤተ ክርስቲያናችን አንድነት ተሳሉ።' ይህ የማነው?»

ሁሉም ወደ ክፍሌ ዞረ።

«ክፍሌ፣ አንተ ጸሎት ላይ ነበርኩ ብለሃል። ከነበርክ ስእለቱን ሰምተሃል፤ ስእለት የገባን ሽማግሌ ደግሞ ሻይ አታቀርብለትም። ካልነበርክ ደግሞ ዋሽተሃል። አንዱን ምረጥ።»

ክፍሌ ከረባቱን ነካ አደረገ። «እሺ፣ ልናዘዝ። ደውዬ እንቅልፍ ወሰደኝ። እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ይህ ኃጢአት ነው እንጂ ወንጀል አይደለም።» አንዳንዱ አቀረቀረ፤ ሁሉም አንድ ቀን ተኝቶበታል።

«ይሁን፣ ተኝተሃል። ግን አስራ ሁለት ላይ አሜን ብዬ ዘጋሁ ብለኸኝ ነበር። ስልክህ የተዘጋው አንድ ከአስር ላይ ነው። አስራ ሁለት ተኩል ላይ አንተ ሰልፉ ጋ ነበርክ፤ ሚስ ሎሬታ አይታሃለች። ስልክህ ግን ለብቻው ቤትህ ይጸልይ ነበር።»

«ረስቼው ወጣሁ!»

«አስር ከአስር ላይ፣ ፓስተሩ እንኳ ሳይገቡ አስገብተኸው ወጣህ። ቤቴ ነበርኩ ለማለት።» አሰፋሽ ድምፅዋን አላነሣችም። «አስር ከአርባ አምስት ላይ ሳሮን ሄዳለች፣ ሌላ ሰው አልመጣም። አንተ ትኩስ ቡና በወተት ይዘህ ደረስክ። ወተት ይነፋቸዋል፤ ግን ይሉኝታ አለባቸው፤ ጠጡልህ። ኩባያህን ይዘህ ሄድክ። አስራ አንድ ከሃያ ላይ ሲጸልዩ ምላሳቸው የከበደው በእንባ አልነበረም። መድኃኒቱ ነበር። ያኔ ፔርሙሱ ገና አልተከፈተም።»

አዳራሹ ውስጥ አንዲት ሴት «ወይኔ ጌታዬ!» አለች።

«አስራ አንድ ተኩል ላይ ሚስ ሎሬታ ዶናት ስትሰጣቸው ወደ ሰማይ ጠቁመው እምቢ አሉ። እምቢ ማለት የማያውቁ ሰው እምቢ ያሉት ስለተሳሉ ነው። አንተ ይህንን አታውቅም። አስራ ሁለት ተኩል ላይ ተመልሰህ፣ ጀርባህን ለሰው ሰጥተህ፣ የተረፈውን ዱቄት ፔርሙሱ ውስጥ ጨመርክ፤ ኩባያውን ወደ ሬሳ አፍ አስጠጋህ፤ ከኪሳቸው ወረቀቱን አወጣህ። ከዚያ የሳሮን ሻይ ገደላቸው እንዲባል ለፖሊስም ለፓስተርም ተናገርክ።»

«ማስረጃ የለሽም!»

ዲቴክቲቭ ሞሪስ ተናገረ፤ ሃኒ ተረጎመች። «በሆዳቸው ውስጥ ቡናና ወተት ተገኝቷል። ዝንጅብል አልተገኘም። ሪፖርቱ ላይ ነበር፣ እኛ ሚስቱ ቁርስ ሰጠችው ብለን አለፍነው። ካሜራው ላይ አስር ሰዓት ከሠላሳ አምስት ቡና የሚገዛው… አንተ ነህ ይላል።»

«ግን ለምን?» አለ ሀብታሙ። «ይሸጥ አይሸጥ ብለን ተጨቃጨቅን እንጂ…»

አሰፋሽ የሎሬታን ጥራዝ ገለጠች። «የሚሸጥ ነገር አልነበራችሁም። ክፍሌ ነገሩን ከሁሉ ቀድሞ በጓዳ ሰምቶ፣ በስማችሁ ተዋውሎ፣ የጋሽ ሳህሌን ፊርማ ራሱ ፈርሟል። እሳቸው ይህንን ገጽ አገኙ። በካውንቲው ፊት፣ በካሜራ፣ 'ይህ ፊርማ የእኔ አይደለም' ሊሉ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር። ሦስት ደቂቃ የበዛባቸው ለዚህ ነው።»

ክፍሌ በሩን አየ። ያን ጊዜ ወይዘሮ አበዛሽ የልጃቸውን እጅጌ ያዙ።

«ክፍሌ፣ ያ የጠፋብኝ መድኃኒት…»

«እማ፣ ዝም በይ።»

«እኔ ስንት ቀን እርጅናዬን ስረግም ነበር። አንተ ነህ የወሰድከው?»

ያ ሁሉ ማስረጃ ያላንበረከከው ሰው እዚህ ላይ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ለምኛቸው ነበር» አለ። «በዋዜማው ማታ ቤታቸው ሄጄ፣ ከሸንጎ ፊት አታዋርዱኝ አልኳቸው። 'አንተ ራስህ ተናገርና እኔ ከጎንህ እቆማለሁ' አሉኝ። ከጎኔ እቆማለሁ አሉኝ…» ሞሪስ ወስዶት ሲወጣ እናቱ አልተከተሉትም። ተነሥተው፣ በዱላቸው እየተደገፉ አዳራሹን አቋረጡና ከሳሮን አጠገብ ካለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሳሮን እጃቸውን ያዘች።

ማክሰኞ፣ በጋሽ ሳህሌ ሞት የተራዘመው የካውንቲው ስብሰባ ነበር። ሳሮን የባሏን ወንበር ይዛ ከንጋቱ አስር ሰዓት ላይ ደረሰች፤ አንደኛ። ሎሬታ ሁለተኛ፣ አሰፋሽ ሦስተኛ። ስሟ ሲጠራ ማይክራፎኑ ጋ ቆመች። «ገጽ መቶ ሰማንያ ሰባት ላይ ያለው ፊርማ የባሌ አይደለም» አለች። የቀረውን ሁለት ደቂቃ ተኩል ሰዓቱ እስኪጮህ እዚያው ቆመች።

ቡድኑም በኋላ ሌላ ከተማ የበለጠ ልስጥህ ቢለው ወደዚያ ሄደ። ሰው የተገደለለት መኪና ማቆሚያ ዛሬም የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።

ሳሮን ሥራዋ ተመልሳለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን አንዳንድ ሰው እስከ ዛሬ አፍሮ ጋሪውን ያዞርባታል። እናንተ እንደዚያ አታድርጉ። ገበያ ውስጥ ካገኛችኋት፣ አደራ፣ ሰላም በሏት።